ወለሉ ሳይዘጋ

ውድ የቀድሞ እጮኛዬ፣

«ውድ» የምትለዋን ቃል የጻፍኳት ከልማድ ነው፤ ደብዳቤ ያለ እሷ አይጀመርም ብለው ስላሳደጉን። ስልክህን የማላነሳው ተቀይሜ አይደለም። ተቀይሜያለሁ፤ ምክንያቱ ግን እሱ አይደለም። አንተ ጠበቃ ነህ። ካንተ ጋር በስልክ ያወራ ሰው ጥፋተኛ ሆኖ ነው የሚዘጋው። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። ስለዚህ ተቀመጥና አንብብ። ምግብ በልተህ ከሆነ ትንሽ ቆይ፤ ካልበላህም ስትጨርስ ለመብላት አትቸኩል።

አንተ ማወቅ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያልከኝን ለአክስትህ ነግሬያቸዋለሁ ወይስ አልነገርኳቸውም? እደርስበታለሁ። መጀመሪያ ግን እኔ የገባሁበት ቤት ትገባለህ። አንተ ደጁን ስላልረገጥከው አስጎብኚ ያስፈልግሃል።

የጠራን አከራዩ ነው። ሥራችንን ታውቀዋለህ፤ ሰው ብቻውን ሞቶ ሳይታወቅ የቆየበትን ቤት እናጸዳለን። አስከሬኑን ሌሎች ቀድመው ያነሱታል። አስከሬኑ ይዞት ያልሄደውን እኛ እናነሳለን። ደረጃው ሥር የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ ሴት ሱቅ አላት። አፍንጫዋን በቁራጭ ሳቲን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«እናንተ ናችሁ?» አለች።

«እኛ ነን» አለ ባልደረባዬ። እሱን አታውቀውም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ነው የተቀጠረው። አፉ ስለማይዘጋ ዝምታ እንለዋለን።

«የሞተ አይጥ ነው አሉኝኮ! አይጥ ጣሪያ ያስለቅሳል?»

ወደ ውስጥ አስገብታ ቀና አድርጋ አሳየችን። ከልብስ መስፊያ መኪናዋ በላይ ጣሪያው ላይ ቡኒ ነገር ክብ ሠርቷል። ዳሩ ቢጫ ነው፤ መሃሉ ያብረቀርቃል። መጀመሪያ ሲታይ አከራዩ ቧንቧ ነው ብሎ ቀለም ቀባው። ሰፍቶ ተመለሰ። እንደገና ቀባው። ሰውየው ደረጃውን ወጥቶ በር ከማንኳኳት ቀለም መግዛት የቀለለው ሰው ነው። በመጨረሻ አንዲት ሙሽራ ልብሷን ልትለካ መስታወቱ ፊት ቆማ ሳለ ጠብ አለ፤ ደረቷ ላይ፣ ነጩ ላይ።

«የመኪናው ዘይት መሰለኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «በጣቴ ነካሁት። ነካሁትና አሸተትኩት።» ጣቷን ከሌሎቹ አርቃ፣ የሰው እንደሆነ ሁሉ አሳየችን። «ከዚያ ወዲህ በዚህች ጣት መርፌ ይዤ አላውቅም።»

«ሳሙና ያወጣዋል፣ እህቴ» አለ ዝምታ።

«ከጣቴ ወጥቷል። ከጭንቅላቴ በምን ይወጣል?» አለችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ልጃቸው ጋ ደውዬ ነበርኮ» አለች። «ገና መሽተት ሲጀምር። ‹አባቴ ጉዞ ላይ ናቸው፤ ቧንቧውን አሠሩት› ብሎ ዘጋብኝ። ልጅ እንዲህ ካለ ጎረቤት ምን ያውቃል? እኔም ቧንቧ ሠሪ ጠራሁ።»

ያኔ ልጅየው አንተ መሆንህን አላወቅኩም። በምን አውቃለሁ? ያንተ አባትማ ገና በልጅነትህ ሞተዋል። ራስህ ነህ የነገርከኝ፤ ውሃ ዳር ቁጭ ብለን፣ ዓይንህን ወዲያ ማዶ ተክለህ። የሙት ልጅ ነው ብዬ አንጀቴን በልተኸው ነበር። አንተን ከወደድኩበት ምክንያት ግማሹ እሱ ነው። ሒሳቡን አሁን ማስተካከል ይቸግራል።

ዝምታ በሩን አንኳኳ። ልማዳችን ነው፤ ባዶ ቤትም ቢሆን ሳናንኳኳ አንገባም። «ቤቶች! ልንገባ ነው» ይላል። ማንም «ግቡ» እንዳይለው እየፈራ አንዴ ይጠብቃል፤ ከዚያ ቁልፉን ያዞራል።

መስኮቱ ላይ ጥቁር መጋረጃ ያለ መሰለኝ። መጋረጃው ይንቀሳቀሳል። ዝንብ ነው። የሞቱት ደግሞ ደፉ ላይ እፍኝ እፍኝ ተቆልለዋል። ወለሉ ስንረግጠው ይንኮሻኮሻል፤ ትሎቹ ዝንብ ሆነው ሲወጡ ጥለውት የሄዱት ቅርፊት ነው፤ አልጋ ሥር፣ ጫማ ውስጥ፣ የመጽሐፍ ገጽ መሃል ሳይቀር ገብቷል። ሽታውን ልገልጽልህ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር፤ አብረን ሳለንም። እንዳትነግሪኝ ትል ነበር። ዛሬ ትሰማኛለህ። በጭምብሉ ማጣሪያ አልፎ የሚመጣው ትንሽ ነው፤ ትንሹ ግን ምላስ ላይ ይቀመጣል እንጂ አፍንጫ ላይ አይቆምም። ጣፋጭ ነገር አለበት። ሰው ይህንን አይነግርህም። የሚያስጠላው መበስበሱ ሳይሆን ያ ጣፋጩ ነው፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ምራቅህን መዋጥ ትፈራለህ።

አባትህ የወደቁት በሥራ ጠረጴዛቸውና በአልጋው መሃል ነው። የት እንደወደቁ ማንም ሊነግረን አላስፈለገም። ጣውላው ላይ ትከሻቸው አለ፤ ዳሌያቸው አለ፤ አንዱ ክንዳቸው ወደ በሩ ተዘርግቷል። ፀጉራቸው ከነቆዳው ወለሉ ላይ ቀርቷል፤ ሽበት ነው፤ ወደ ጎን የተበጠረ ነበር። በጥቁርና በቡኒ መሃል የሆነ፣ ሙጫ የመሰለ ነገር ከሰውነታቸው ወርዶ የጣውላውን ክፍተት ሞልቶታል። ሰው ሲቆይ ውሃና ስብ ነው። ይህን ያወቅኩት በዚህ ሥራ ነው፤ ባላውቀው ደስ ይለኝ ነበር።

ቀና ስል የሳቀ ክፍል አየሁ።

ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ ነው፤ መደርደሪያው ሁሉ ጥርስ ነው። የጄሶ ጥርስ፤ ላይኛውና ታችኛው፤ ድድ ብቻ የቀረው፣ አንድ ጥርስ ብቻ የተረፈው፣ የተጣመመ፣ የተደረበ። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ቤት መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ስንት ዓመት የሰውን አፍ በጄሶ ሲቀዱ ኖረዋል! ሰው በሞተበት ቤት ያን ያህል ሰው ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ጥርስ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ያን ቀን ባዳነቱን በዓይኔ አየሁት። ዝምታ እንኳ ለትንሽ ጊዜ ለስሙ የሚመጥን ሰው ሆነ።

ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ለብቻው የተቀመጠ አንድ ረድፍ አለ። ሌላው አቧራ ሲለብስ ይኼ ተወልውሏል። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ አፍ ያድጋል። መጀመሪያ የወተት ጥርስ፣ ከዚያ ፊቱ የወለቀ፣ ከዚያ ገና ሰብሮ የሚወጣ፣ ከዚያ ሙሉ። መጨረሻው ላይ ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መሃል ክፍተት አለ፤ የግራው ጫፉ ተሸርፏል፤ ሽራፊው ወደ ውስጥ ያዘነበለ ነው።

ከብስክሌት ወድቄ ነው ብለኸኝ ነበር።

ያንን አፍ እኔ ያወቅኩት በማየት ብቻ አይደለም። ለማስረዳት አልሞክርም። ትል ያላስመለሰኝን፣ ፀጉር ያላስመለሰኝን፣ ጥርስህ አስመለሰኝ። ጭምብሌን ገንጥዬ ደረጃው ላይ ደረስኩ፤ ከዚያ በላይ አልደረስኩም። ዝምታ ተከትሎኝ ወጣ።

«ምን ነካሽ አንቺ? ጥርስ አይተሽ አታውቂም?»

«ያቺን ጥርስ አውቃታለሁ።»

«ነክሳሽ ነው?»

«አዎ» አልኩት።

ሳቀ፤ ከዚያ ፊቴን አየና ተወ። ጎበዝ ልጅ ነው፤ መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል።

ሥራ ከመጀመራችን በፊት ለቤተሰብ መደወል አለብን። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ብረትና መስታወት ታጥቦ ለቤተሰብ ይመለሳል። ጨርቅ፣ እንጨት፣ ወረቀት፣ ጄሶ ግን ፈሳሹንም ሽታውንም ይጠጣል፤ የጠጣ ነገር በቢጫ ከረጢት ታስሮ ማቃጠያ ይሄዳል። ዝምታ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፈተው። ቀጥሎ ያለውን ታስታውሰዋለህ፤ እኔ ግን ከዚያኛው ጫፍ እንዴት እንደሚሰማ ልንገርህ ብዬ ነው።

«መሣሪያዎቻቸው ጥሩ ጥሩ ናቸው፣ ጌታዬ። ታጥበው ይተርፋሉ።»

«ምንም አልፈልግም። ሁሉንም አውጡት።»

«መጥተው አንዴ ቢያዩት እንኳ…»

«ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኛም» አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ድምፄን አወቅከው። ስልኩ ተዘጋ። ወዲያው የኔ ጠራ። ቁጥሬን አለመሰረዝህ ገረመኝ። እንዴት ነሽ አላልክም፤ ይቅርታ አላልክም፤ እዚያ ምን አየሽ አላልክም። አክስትህ የአባትህን ልብስ ሊወስዱ እንደሚመጡ ነገርከኝ። «እጄ ላይ ነው ያረፉት ብያታለሁ» አልከኝ። «ወዲያው ነው የተገኙት በያት። እባክሽ። ያንቺ ሥራ ማጽዳት አይደል?»

ስንለያይ «እጅሽ ይሸተኛል» ብለኸኝ ነበር። ሲሸትህ የነበረው እጄ ላይ አልነበረም፤ ታጥቤ ነበርና። ስንት ጊዜ እንደምታጠብ አንተ ታውቃለህ። ያን ቀን ግን እኔም ሸተተኝ። ድምፅህ ንጹሕ ነው፤ ቃላትህ ተተኩሰዋል፤ ደግሞ ያ ጣፋጩ አለበት። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ካደረግኩበት ጎን ፊቴን በረኪና ባለው ጨርቅ ጠረግኩት። ቀላ፣ ላጠኝ። ሞኝነት ነው፤ ግን አደረግኩት።

ወደ ሥራ ገባን። ረጨን፣ ጠበቅን፣ ፋቅን። ፍቅፋቂው በመፋቂያው ላይ እየተጠቀለለ ይነሳል፤ በወረቀት ትጠርጋለህ፣ ወረቀቱን በከረጢት፣ ከረጢቱን በከረጢት። ሥሩ ሌላ አለ፤ ከዚያ ሥር ሌላ። ጣውላ ሲጠጣ ልኩን አያውቅም። ላዩን አጽድቶ ቀለም መቀባት ያከራዩ ጥበብ ነው፤ እኛ እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ ቆርጠን እናወጣለን። ዝምታ በመጋዝ ዙሪያውን ቆረጠው። አባትህ የተኙበት ወለል ከነቅርጹ ተነሳ። ሥሩ ያለው የልብስ ሰፊዋ ጣሪያም ረጥቦ ስለነበር አብሮ ወረደ። በአግዳሚዎቹ መሃል ቁልቁል የልብስ መስፊያ መኪናዋ ታየን፤ እሷም ቀና ብላ አየችን።

«እዚያ ሆናችሁ አታፍጡብኝ!» ብላ ጮኸች። «የባሰ አታምጣ እያልኩ ነው የምሰፋው!»

አክስትህ የመጡት ይሄኔ ነው። ለልብስ የሚሆን ባዶ ሻንጣ ይዘው፣ ደረጃውን በየመሃሉ እየቆሙ ወጡ። በሩ ላይ ደርሼ ልከለክላቸው ሞከርኩ። ጥቁር ለብሰዋል፤ ሸማቸውን አፍንጫቸው ላይ አላደረጉም። ያ ነው ያሸነፈኝ፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርገው እሱን ነው።

«ልጄ፣ እናንተ ምንድን ናችሁ?»

«ጽዳት ነን፣ እማማ።»

«እንዲህ ለብሶ ጽዳት አለ?»

እውነቱን ልንገርህ፤ ያልከኝን ምላሴ ላይ አዘጋጅቼው ነበር። ላንተ ብዬ አይደለም፤ ለእሳቸው አዝኜ። ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል፤ አሟሟቱን ቢቀንሱላቸው ምን ይጎዳል ብዬ። እሳቸው ግን በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወለሉን አዩት። ጉድጓዱን አዩት። በጉድጓዱ ውስጥ የምትንቀሳቀሰውን መርፌ አዩ።

«ስለ ወንድሜ ‹እጄ ላይ ነው ያረፉት› ብሎኛል ልጁ። ሲቀበር ሣጥኑን አላስከፍት አለኝ። ‹እንደምታውቂው አስታውሺው› አለኝ። ጥሩ ተናጋሪ ነው፤ እሺ አልኩት።» ዞረው ዓይኔን አዩኝ። «እጅ ላይ ለሞተ ሰው ወለል ይቆረጣል?»

«አይቆረጥም፣ እማማ» አልኳቸው።

ይኸው። መልስህ ይህ ነው። ስንት ጊዜ ቆየ አሉኝ፤ የጣሪያውን ቀለም፣ የሙሽራዋን ልብስ፣ ስልኩንም ነገርኳቸው። ጉዞ ላይ ናቸው ያልከውንም። አንዱንም አልፋቅኩልህም።

አላለቀሱም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡና ጥርሶቹን ማየት ጀመሩ። ከዚያ በጣታቸው አንዱን እየጠቆሙ «ይሄ የኔ ነው» አሉ። «የታችኛው። በደህና ጊዜዬ የተቀዳ ነው።» ሳቁ፤ ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረ። ዝምታ ውሃ አቀበላቸው።

ስላንተ የነገሩኝን ከሰው አፍ ሳይሆን ከኔ ስማው። ትምህርት ቤት ሳለህ ልጆቹ «የምራቅ ልጅ» ይሉህ ነበር አሉ፤ አባትህ የሰው አፍ ሲነኩ ስለሚውሉ። አንድ ቀን መጥተህ «አባቴ ሞቷል ብያቸዋለሁ» አልካቸው፤ ለራሳቸው ለአባትህ። አልተቆጡህም። «እንዲህም ሆኖ ይደግ» ነው ያሉት። በየልደትህ ጄሶውን በጥብጠው «እስኪ አፍህን ክፈት» ይሉህ ነበር፤ አንተም እስከ ተወሰነ ዓመት ድረስ ትከፍት ነበር። አክስትህ ያን ረድፍ ብዙ ጊዜ ተመለከቱት።

«እነዚህን ልውሰዳቸው?»

«ጄሶ ሽታ ይጠጣል፣ እማማ። ቤትዎ ቢያስገቡት ቤትዎ እንዲህ ይሸታል።»

ከግራ ጀምረው አንድ በአንድ ራሳቸው አነሱና ቢጫው ከረጢት ውስጥ ከተቱ። አልወረወሩም፤ አስቀመጡ። ሲጨርሱ «ብረቱ ይታጠባል አላችሁ አይደል? እንደናንተ ያለ ልብስ ስጡኝ» አሉ። ትንሹ ልካችን ለእሳቸው ድንኳን ነው። ዝምታ «እማማ፣ ኮፍያውን ሳብ አድርጉት» ሲላቸው «ደግሞ ኮፍያ ልታስተምረኝ ነው? ይልቅ አንተ አፍህን ሸፍን» አሉት። የወንድማቸውን መፋቂያ፣ ጉጠት፣ ትንንሽ ቢላ በኬሚካሉ ውስጥ እየነከሩ፣ እያጠቡ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ደረደሩ። መሃል ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንቺ ለሱ ምኑ ነሽ? ስለ ልጁ ስታወሪ ጥርስሽን ትነክሻለሽ።»

«ልንጋባ ነበር።»

«እ…» አሉ። ጉጠቱን አድርቀው አስቀመጡ። «እንኳን ተረፍሽ ልልሽ ነበር። ግን እኔ አክስቱ ነኝ፤ እኔስ ወዴት እተርፋለሁ?»

በማግስቱ አናጢው አዲስ ጣውላ ተሸክሞ መጣ። አክስትህ ወንበር አምጥተው ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «ልጁ መጥቶ ሳያየው አይዘጋም» አሉት። አናጢው እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ከሥር ልብስ ሰፊዋ ሰማች።

«እንዴ እማማ! ሙሽሮቼስ?»

«ይጠብቁ! እኔ የወንድሜን ፊት ሳላይ ነው የቀበርኩት። ሙሽራ ልብሷን ሳታይ ብትቆይ አትሞትም።»

መኪናዋን አቆመች። ከዚያ «እሺ» አለች ከታች። «ሲመጣ ግን ጥሩኝ። ቀና ብዬ ላየው እፈልጋለሁ። ሲናገር ፊቱ ምን እንደሚመስል።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቆሟል። አከራዩ ይጮሃል፤ አናጢው ጣውላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሄዷል። አክስትህ ጠዋት ይመጣሉ፣ ብርሃን ሲደክም ይሄዳሉ። ያኔ ብቻ ልብስ ሰፊዋ ወጥታ የሰፋችውን ፌስታል ጉድጓዱ ላይ ትዘረጋለች፤ በማግስቱ መልሳ ታነሳለች። አክስትህን ምን እንዲልዎት ነው የሚጠብቁት ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ስንት ቃል ታውቃለህ መቼም። «እንዲናገር አልፈልግም» አሉኝ። «ብዙ ተናግሯል። መጥቶ ይቁም። ወንድሜ የዘረጋው እጅ ወዴት እንደነበር አይቶ ይሂድ።» ቅርጹ አሁን የለም፤ እኛ ቆርጠን አውጥተነዋል። ግን ጉድጓዱ የተቆረጠው በቅርጹ ልክ ነው። እጁ ወደ በሩ ነው።

የኔን ፍርድ የምትጠብቅ ከሆነ፣ የለኝም። ያስጠላኸኛል። ማስጠላት ደግሞ ለኔ ሥራ ነው፤ ሲያስጠላኝ ትቼ አልሄድም፤ እስከ ጤነኛው እንጨት ድረስ እቆርጣለሁ። ያንተ ጤነኛው እንጨት የት እንደሚጀምር አላውቅም። የወተት ጥርስ የነበረህ ጊዜ ላይ ይሆናል። ከዚያ በላይ አልፈልግልህም፤ አሁን የራስህ መጋዝ ነው።

እኔና ዝምታ ነገ ሌላ ቤት ተጠርተናል፤ ስለዚህ ስትመጣ አታገኘኝም፤ በዚህ አትስጋ። ቁልፉ ልብስ ሰፊዋ ጋ ነው። ስትገባ አንኳኳ፤ አክስትህ «ግባ» ይሉሃል። በሩ ሥር ያሉት ጣውላዎች ጠንካራ ናቸው፤ ከተቆረጠው ጠርዝ አንድ እርምጃ ራቅ። የማትሳሳለትን ጫማ አድርገህ ና።

የአባትህን ቤት ያጸዳችው